መሮጥ የማይደክማት፣ መቆም ያቃታት

ባንቻየሁ ደምለው ደባርቅ ውስጥ በሩጫዋ የታወቀች ናት። ጠዋት ከከተማ ተነሥታ ዳገቱን ሰሜን ተራሮች ላይ እስካለው ቡይት ራስ ትወጣዋለች፤ ስትመለስ እንኳ እያወራች ነው። በተክሊል ጋብቻዋ ዕለት ግን ካባ ደርባ ከሙሽራው ከገዱ ጎን እንደቆመች፣ ጸሎቱ መሐል ላይ ዓይኗ ጨለመባትና ዘፍ ብላ ወደቀች።

ወለሉ ላይ እንዳጋደሟት ነቃች።

"ደህና ነኝ፤ ጸሎቱ ይቀጥል" አለች።

ቄሱ ወንበር አስመጡላትና ሥርዓቱ ተፈጸመ። ሹክሹክታው ግን ከእሷ ቀድሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጥቶ ነበር። ገሚሱ "አርግዛ ነው" አለ፤ ገሚሱ "የሚጥል በሽታ አለባት።"

ሙሽርነቷ እንዳለፈ አማቷን ወይዘሮ ጥሩዬን፣ "እማዬ፣ ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ። የሚነገረኝን እርስዎም በጆሮዎ ይስሙት" አለቻቸው።

የጤና ባለሙያዋ የትናየት መጀመሪያ አስተኝታ የደም ግፊቷን ለካች፤ ደህና ነበር። ከዚያ ሳትንቀሳቀስ አቁማ ስትለካት ግፊቷ ቁልቁል ወረደ፤ ፊቷም ገረጣ። የእርግዝናውም ሆነ የሌላው ምርመራ ምንም አላሳየም።

"ልቧ ታሞ ነው?" አሉ ጥሩዬ።

"ኧረ ጠንካራ ነው! በልምምድ ብዛት ሰፍቷል፤ ረጋ ብሎ ነው የሚመታው። ዝም ብላ ስትቆም ግን ደሙ ወደ እግሯ ይወርዳል። ቶሎ ካልተመለሰ ለጭንቅላቷ ያንሳታል። አንዳንድ የረጅም ርቀት ሯጮች እንዲህ ይሆናሉ። ያን ዕለት ደግሞ ለቁርባኑ ብላ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም።"

"ስትሮጥ ታዲያ ለምን አትወድቅም?"

"የባቷ ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ ይገፋላታላ።"

"እንግዲያ ሩጫው ይቅርባት?"

"አይቀርም!" አለች ባንቻየሁ። "መቆሙንም እለማመደዋለሁ።"

የትናየት ሳቀች። ብዙ ቆማ በምትውልበት ቀን ዋዜማ ውኃ በደንብ እንድትጠጣ፣ ስትቆም ባቷንና ጭኗን እንድታጠብቅ፣ ዓይኗ ብዥ ካለ ሳታፍር እንድትቀመጥ፣ ከሩጫም በኋላ ወዲያው ቀጥ ብላ እንዳትቆም መከረቻት። ባንቻየሁ የእግር ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድም ጨመረች።

ወሬውን ያጠፉት ጥሩዬ ናቸው። ገበያ መሐል አንዷ ሴት "ምራትሽ ተሻላት?" ብትላቸው፣ "የምራቴ ልብ ካንቺ ልብ ይሰፋል፤ ሐኪሟ ነግራኛለች!" አሏት።

በዓመቱ ባንቻየሁ ጎንደር ላይ ተወዳድራ ሁለተኛ ወጣች። መስመሩን እንዳለፈች አንድ ጋዜጠኛ ማይክራፎን ይዞ ፊቷ ተገተረ።

"እየተራመድን እናውራ" አለችው እጁን ይዛ። "ከቆምኩ እወድቅብሃለሁ።"

ጋዜጠኛው ገመዱን እየጎተተ ተከተላት።