የእናቴ ድድና የእኔ ብልቃጥ

ቦንጋ ከተማ በዞኑ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት የእኔም የእናቴም ድድ መድማት ጀመረ። ጠዋት ስንፍቅ የመፋቂያችን ጫፍ ቀልቶ ይወጣል። እናቴ ጤና አዳምና ቅርንፉድ አፍልታ፣ ጨው ጣል አድርጋበት ትጉመጠመጥ ጀመር። እኔ ከፋርማሲ ፈሳሽ መድኃኒት በብልቃጥ ገዛሁ። ደመወዝተኛ ሆኜ ቅጠል ልቀቅል? የዚያን ጊዜ ኩራቴ አይጣል ነው።

የማንኛችን ይሻላል ተባብለን ተፎካከርን። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ጎን ለጎን ቆመን እንጉመጠመጣለን። በሦስተኛው ሳምንት የሁለታችንም ደም ቀነሰ፤ የእኔ ጥርስ ግን ከመድኃኒቱ የተነሣ በለዘ።

«ቡና የተጠጣበት ሲኒ መሰለ ጥርስሽ» ብላ ሳቀችብኝ። ያኔ ጥርሷ ሙሉ ነበር፤ ስትስቅ አፏን አትሸፍንም።

መሸነፍ አልወድም። ቢሮ በግምገማ ሰው ማፋጠጥ ለምጄ ነበርና እሷንም እንደዚያው ያዝኳት። «ድድሽን የሚያደማው እንጨቱ ነው። ቅጠሉ ይሁንልሽ፣ መፋቂያውን ግን ተዪው» አልኳት። የተማረች ልጄ አትሳሳትም ብላ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ከአፏ ያልተለየውን መፋቂያ ጣለችው። እኔ ግን የበለዘውን ለማስለቀቅ በብሩሽ ስፈትግ ከረምኩ።

ደሙ ስለቆመ ረሳነው። ከዓመታት በኋላ የፊት ጥርሶቿ ሲነቃነቁ ጅማ ወሰድኳት። ሐኪሙ አፏን በመብራት አየ። ስለ ቅጠሉና ስለ ብልቃጡ ስነግረው፣ «ሁለቱም ድድ ያስታግሳሉ። ጥርስ ሥር የደደረውን ቆሻሻ ግን አያነሡም» አለኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ «እናቴ፣ መፋቅ እንደተዉ ጥርስዎ ያሳብቃል፤ ለምን ተዉ?» ሲል ጠየቃት።

እናቴ እኔን አየችኝ።

«ሰነፍኩ ልጄ፤ እርጅና ነው» አለችው።

በዕድሜዋ ሰንፋ አታውቅም። አራት ጥርሷ ተነቀለ።

በግምገማ፣ ላላጠፋሁት ጥፋት እንኳ ስንት ጊዜ ተነሥቼ ግለ ሂስ አድርጌያለሁ። ከጅማ እስከ ቦንጋ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጬ ግን አንድ ቃል አልወጣኝም። አፈርኩ፤ ደግሞም ፈራሁ። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በመስኮት ትመለከታለች።

ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ፣ ስትስቅ አፏን ከእኔም ትሸፍን ነበር።