ለአረፋ ሳሙና የሚሆን ጥሩ ውሃ

እኔ ቋጣሪ ሰው ነኝ። ባለቤቴ በጨዋ አማርኛ «ቆጣቢ» ይለኛል፤ እህቶቼ ግን «ስስታም» ይሉኛል፣ አልቀየማቸውም። እንግዲህ ደሴ ፒያሳ አንድ ሱቅ ገብቼ የአረፋ ሳሙና ዋጋ ስጠይቅ እንዴት እንደደነገጥኩ መገመት አያቅትም። ባለሱቁን አስደገምኩት። ደገመልኝ። «ከነሱቁ ነው?» አልኩት። አልሳቀም።

ነገሩ የጀመረው እህቴ ከጅዳ ስትመለስ ነው። ካመጣችልኝ ዕቃ ሁሉ ቤቱን ጉድ ያሰኘው አንድ የእጅ ሳሙና ነበር፤ አናቱን ጫን ሲሉት እንደተመታ የእንቁላል ነጭ ያለ አረፋ መዳፍ ላይ ቁጭ ይላል። ባለቤቴ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነው። ማታ ማታ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ ወጥቶ ሲመጣ እጁ በግሪስ ጠቁሮ ነው የሚገባው። ያን አረፋ ከቀመሰ በኋላ ደረቅ ሳሙና መንካት ተወ። ጫን፣ ጫን፣ ጫን! ዕቃው ባዶውን መተንፈስ ሲጀምር ወሩ እንኳ አላለቀም ነበር።

ባዶውን ዕቃ ግን አልጣልኩትም። እኔ ምን ጥዬ አውቃለሁ? አንድ ቅዳሜ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ፈታታሁት። አናቱ ስር ትንሽዬ ወንፊት አለችው። ከታች የቀረችውን ጠብታ በጣቴ ሳሻት ቀጥና ውሃ ሆናለች። ሁለተኛው ድንጋጤ ያኔ መጣ። ለካ ውስጡ የነበረው በብዙ ውሃ የቀጠነ ተራ ፈሳሽ ሳሙና ነው፤ አረፋውን የሚሠሩት ያች ወንፊትና አየሩ ናቸው። ያን ሁሉ ብር የሚጠይቁን ለውሃና ለአየር! ተናድጄ ያለ ምሳ ዋልኩ።

ከዚያ ራሴ መሥራት ጀመርኩ። ከገበያ በሊትር የሚቀዳውን ርካሽ ፈሳሽ ሳሙና አንድ ሲኒ፣ ውሃ አራት ሲኒ፣ እጅ እንዳያደርቅ ጥቂት ጠብታ ዘይት። ቀስ ብሎ ማማሰል እንጂ መናጥ የለም። የመጀመሪያው ወፍሮብኝ ወንፊቷን ደፈናት። ሁለተኛው የባሰ ሆነ፤ ሳሙናው ሳይሆን ውሃው ነው ጉድ ያደረገኝ። የደሴ ቧንቧ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ በክረምት ሲመጣ ደግሞ ድፍርስ ነው፤ አሸዋው ወንፊቷ ላይ ተቀምጦ አላነቃንቅ አለ። ስለዚህ ለሦስተኛው ጥርት ያለ ውሃ ያስፈልገኝ ነበር። ለመጠጥ እያፈላን በፕላስቲክ ጠርሙስ የምንደረድረው ውሃ አለ፤ እሱን ለሳሙና ማዋል ደግሞ የከሰሉ ወጪ ያሳዝነኛል።

በዚያው ሰሞን አማቴ መጡ።

እሳቸው መጡ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከገራዶ ወዲያ ካለ ገጠር የሚኖሩ አራሽ፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን ሳይሳለሙ ቀኑ የማይነጋላቸው ሰው ናቸው። ልጃቸው በወጣትነቱ ኮምቦልቻ ሙያ ሲማር ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ገባና እኔንም እዚያው አገኘኝ። የዚያን ጊዜ «ከእንግዲህ ያንተን እንጀራ አልቆርስም» አሉት፣ ቃላቸውንም ጠበቁ። ለሠርጋችን መጥተው በር ላይ ቆመው መርቀውን ተመለሱ እንጂ አንድ ጉርሻ አልቀመሱም። እሳቸው ዘንድ ስንሄድ ዶሮ ይሠሩልናል፣ ብሉ እያሉ ይቆጡናል። የኛን ግን አይበሉም።

አሁን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ልጃቸው ሆስፒታል ሊያሳክማቸው አመጣቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ሊያድሩ ነው! እኔ አልጋ አነጠፍኩ፣ የጾሙን ለይቼ ሠራሁ። እሳቸው ግን በሶና ቆሎ በከረጢት ይዘው ነው የመጡት። አንደኛው ዓይናቸው ታክሞ ታሸገ፤ ሌላኛውም ጭጋግ ነው። ገበታ ሲቀርብ ወደ ክፍላቸው እየዳበሱ ገብተው በሷቸውን ይበጠብጣሉ። ባለቤቴ የሚጎርሰው ያንቀዋል። አንድ ማታ ሳህኑን ገፋ አድርጎ «ቀጠሮዋ ደርሶ ሳትሄድ አንድ ጉርሻ ብትበላልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። አሁን ካልበላች መቼም አትበላም» አለኝ። ይህን ያህል እንደሚያመው አላውቅም ነበር።

ሳሙናው እንደዚህ ባለ ሳምንት ነው የተሠራው። ከሥራ ስመለስ የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ከፈላው ውሃ ጠርሙሶች ጫፍ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ቆሟል፤ ውሃው ወለል ብሎ ያበራል። ባለቤቴ ለኔ ብሎ ያጠለለው መሰለኝና መረቅኩት። ውሃውን ሁሉ ለሳሙናዬ ጨረስኩት። አረፋው እንዴት አማረ! የእጅ መታጠቢያችን ሽንት ቤቱ በር ላይ ናት፤ ከሷ አጠገብ አስቀመጥኩት፣ የተረፈውንም ለመሙያ አዘጋጀሁ።

ረቡዕ ረቡዕ ማታ የጸሎት ኅብረታችን እኛ ቤት ይሰበሰባል። የዚያን ማታም መጡ፣ ሁሉም ተራ በተራ ታጠቡ። መሪያችን ድምፃቸው ወፍራም፣ ግድግዳ የማያግደው ሰው ናቸው፤ ጠበል ከንቱ ነው ሲሉ እስከ አማቴ ክፍል ተሰማ። እሳቸው እንዲያውም ሁለት ጊዜ ታጥበው «እህቴ፣ ይሄ ሳሙና እጄን የሕፃን እጅ አደረገው፣ ምን ብትጨምሪበት ነው?» አሉኝ። እኔም ኩራቴን አልቻልኩም፤ «ዋናው ውሃው ነው፣ ጥሩ ውሃ ይፈልጋል» አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት አማቴ ከክፍላቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ያችን ጠርሙስ ስጭኝ እስቲ። ኸመደርደሪያሽ ላይ ያስቀመጥኋትን።»

«የቷን ጠርሙስ፣ እማማ?»

«ጠበሏን ነዋ! ዛሬ ማርያም አይደለች? በባዶ ሆዴ ልቅመስ ብዬ ቀኑን ስጠብቅ ነው።»

ክው ብዬ ቀረሁ። የኔ እምነት ጠበል የለውም፣ ያም ሆኖ የሰው እናት ዳገት ቁልቁለት ተሸክማ ያመጣችውን የተቀደሰ ነገር ሽንት ቤት በር ላይ አስቀምጬዋለሁ። «እሺ እማማ» ብዬ ወጣሁና ባለቤቴን ከመስታወቱ ፊት ጎትቼ ወጥ ቤት አስገባሁት።

«የእናትህን ጠበል ሳሙና ሠራሁበት።»

«ምን አልሽ?»

«መደርደሪያው ላይ የነበረውን። ያጠለልክልኝ መስሎኝ።»

«ያ የምታጠብበትን? ትናንት ሁሉም የታጠቡበትን?» ፊቱ አመድ መሰለ። እኔም በድንጋጤ ልቤ ጠፍቶ «አንተ ውሃ ውሃ ነው ትል የለ እንዴ?» አልኩት። «እሱ ለኔ ነው» አለኝ፤ «ይሄ የእማ ነው። አለቀ፤ ከእንግዲህ እዚህ ቤት እግሯንም አታስገባም።»

ከዚያ ያደርጋል ብዬ የማላስበውን ነገር ሲያደርግ አየሁት። ባዶዋን ጠርሙስ አንስቶ የፈላ ውሃ ሞላባት። «አይሆንም!» ስል እጁን አፌ ላይ አደረገ። ሽምግልና የሚቀመጥ፣ በቃሉ የሚታመን ባሌ! ጠርሙሷንና ብርጭቆ ይዞላቸው ገባ። «እንኪ እማ» አለ። እኔ በሩ ላይ ተለጥፌያለሁ።

አማቴ አማትበው ቀመሱ። አፋቸው ውስጥ አቆዩት። ከዚያ ዋጡና ብርጭቆውን ወደ ልጃቸው መለሱለት።

«ይሄ የቧንቧ ነው» አሉ። «የኛ ጠበል ድንጋይ ድንጋይ ይላል። የታሸገው ዓይኔ ነው እንጂ ምላሴ አልታሸገም፣ ልጄ።»

ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። እኔ ገብቼ እግራቸው ስር ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳሙናውን፣ ወንፊቷን፣ ድፍርሱን ውሃ። የት እንዳስቀመጥኩት ሲጠይቁኝ እሱንም ነገርኳቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከረጢታቸው አጠገባቸው ነበር፣ እጃቸው ሲሄድበት አየሁና ሊሄዱ ነው ብዬ እንባዬ መጣ። እሳቸው ግን ከረጢቱን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

«አምጭው እስቲ።»

አመጣሁላቸው። ዕቃውን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። «የቱን ነው የሚጫኑት?» አሉ። ጣታቸውን መራሁላቸው፤ ጫን ሲያደርጉት አረፋው መዳፋቸው ላይ ሞላ። ደነገጡና እጃቸውን ራቅ አደረጉ፤ ከዚያ በሌላው እጃቸው ቀስ ብለው ነኩት።

«ይሄ ሁሉ ኸዚያች ውሃ?»

«አብዛኛው አየር ነው፣ እማማ» አልኳቸው። በዚያች ሰዓት ደግሞ ይሄ ምን ያስለፈልፈኛል!

«ማን ማን ታጠበበት?»

«እኔ… ትናንት የመጡት እንግዶችም።»

«ያ ድምፀ ወፍራሙ ሰውዬም?»

«እሳቸውም። ሁለት ጊዜ።»

መጀመሪያ ያለቀሱ መሰለኝ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ለካ ሳቅ ነው! «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ይሉኛል እየሳቁ፤ ፋሻቸውን በእጃቸው ደግፈው «ኧረ ዓይኔን አታፍርሱብኝ! ማታ ሙሉ ጠበሌን ሲያጣጥል የነበረው ሰውዬ!» ባለቤቴም እኔም ምን እንደምንሆን ጠፋን። አብረን እንሳቅ ወይስ ይቅርታ እንጠይቅ? እኔ በበኩሌ ከጠርሙሱ ይልቅ ይሄ ሳቅ አስደነገጠኝ።

ሳቃቸው ሲያልቅ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ።

«አንተስ?»

«እኔ ምን፣ እማ?»

«ታጥበህበታል ወይ?»

«በየቀኑ» አለ። «ከኮምቦልቻ በመጣሁ ቁጥር።»

«እጅህን አምጣ።»

ሰጣቸው። መዳፉን ገልብጠው ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ፣ ግሪስ ያረጀበትን ጥፍሩን ሁሉ። «ለዓይኔማ አንድ ጉንጭ ይበቃኝ ነበር» አሉት። «ያን ሁሉ ጠርሙስ ታቅፌ የመጣሁ ላንተ ነበር። ተጠመቅ ብልህ እንቢ ትለኛለህ፣ ደብቄ እንዳልረጭህ ኃጢአት ሆነብኝ። እንዴት አድርጌ እንደምነግርህ ሳስብ ሳስብ ቀኑ አለፈ። ዛዲያ አንተ ለካ ስትታጠብበት ከርመሃል።»

ባለቤቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አማቴ ጆግና ሳፋ አስመጡኝ። በኛ ወግ ልጅ ነው እናቱን የሚያስታጥብ፤ እሳቸው ግን ጆጉን ከእጁ ቀሙት። አረፋውን በራሳቸው ጣት መዳፉ ላይ ጫኑለትና እየዳበሱ ውሃ አፈሰሱለት። ግማሹ ወለል ላይ ፈሰሰ። ከዚያ እጃቸውን ሲዘረጉ እኔ ለሳቸውም አፈሰስኩላቸው። የሳፋውን ውሃ እግር በማይረግጠው ቦታ ድፊው አሉኝ፤ ከአጥሩ ጥግ ወዳለችው የኮክ ዛፍ ወሰድኩት። በጠበል የማላምነው እኔ ጠብታ እንዳይፈስብኝ በጥንቃቄ ነበር የምራመደው።

ስመለስ «እዚህ ቤት ቁርስ የሚባል ነገር የለም?» አሉ።

የፍርፍር ሳህን አቀረብኩ። ባለቤቴ በዚያ በታጠበው እጁ ጉርሻ ጠቀለለ። ጠቅልሎ ያዘው፤ ወደ አፋቸው ሊያደርሰው ፈራ። እሳቸው ባያዩትም አወቁ መሰለኝ፣ ወደ ድምፁ ዞረው አፋቸውን ከፈቱ።

ሞራቸው ተገፎ፣ ከረጢታቸውን እኛው ዘንድ ጥለው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በመጡ ቁጥር ገና በሩን ሳያልፉ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ከነጠላቸው ስር አውጥተው ያቀብሉኛል። «ይኸው፣ ለሳሙናሽ» ይሉኛል። እኔም እቀበላለሁ፣ ሳሙናዬን እሠራለሁ፣ ዕቃውን ከሽንት ቤቱ በር አርቄ ወጥ ቤት አስቀምጣለሁ። ባለቤቴ ማታ ከኮምቦልቻ ሲገባ ወደዚያው ይሄዳል። ረቡዕ ማታ ከኅብረቱ ጋር ተቀምጦ «ውሃ ውሃ ነው» የሚለውን አሁንም ይላል። ሳሙናውን ከምን ውሃ እንደሠራሁት ግን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።