የማይቃጠል እጅ

የባሌን እህት ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አልላትም። ስለ እኔ «እጇን እሳት አይነካውም» ብላ ዘመድ ጎረቤቱን ሁሉ ያሳመነችው እሷ ናት።

ነገሩ የተጀመረው ሙሽራ ሆኜ ቆቦ በገባሁ በሳምንቴ ነው። በባሌ ቤተሰብ ልማድ አዲስ ሙሽራ ገንፎ ትሠራና ድስቱን ከጉልቻው ላይ በባዶ እጇ ታወርዳለች። ሴቶቹ ዙሪያዋን ቆመው ፊት ፊቷን ያያሉ። ሌሎቹ ሙሽሮች «ውይ!» ብለው ይለቁታል፣ ይሳቃል፣ ጨርቅ ይሰጣቸዋል፣ በዚያው ያልቃል። ጨዋታ ነው። ጨዋታ መሆኑን ግን የነገረኝ አልነበረም። ከሮቢት የመጣሁ፣ እናቴን በልጅነቴ የቀበርኩ ነበርኩ፤ ፈተና መሰለኝ። ድስቱን በሁለት ጆሮው ይዤ አነሳሁት፣ መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጥኩት፣ ትንፍሽ አላልኩም።

«እናንተ! የዚችን እጅ እሳት አያውቀውም!» አለች የባሌ እህት።

ሴቶቹ እልል አሉ። ውሃ የቋጠረውን መዳፌን በነጠላዬ ሸፈንኩት። ባሌም አላየውም።

ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሊሆነው ነው። በቤተሰቡ ሰርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር ሁሉ ድስት አውራጇ እኔ ነኝ። ሌሎቹ ሽንኩርታቸውን ልጠው፣ እጃቸውን ታጥበው ዳስ ይገባሉ፤ ሙሽሮቹን ያያሉ፣ ያጨበጭባሉ። የገዛ ልጄ ሲያገባ እንኳ ምራቴን ያየኋት ከማድ ቤቱ በር ላይ ሆኜ፣ ያውም ጀርባዋን ነው። መዳፌ መወፈሩ እውነት ነው። አለመቃጠሉ ውሸት ነው። እኔም አላስተባበልኩም። ሲያመሰግኗት ደስ የሚላት ሞኝ ነበርኩ፤ በኋላ ደግሞ ለማስተባበል ረፈደ።

ዘንድሮ የባሌ እህት የልጅ ልጅ ልታገባ ሆነ። ምራቴ ነርስ ናት፤ ከጎጃም ተመድባ መጥታ ነው ልጄን ያገባችው። ከአዲስ አበባ አንድ ጥንድ ጓንት አስመጣችልኝ። ክርን የሚደርስ፣ እንደ ብርድ ልብስ ድርብርብ ሆኖ የተሰፋ።

«እማማ፣ እስኪ ይሞክሩት። በዚህ ማንም ሰው የፈላ ድስት ያወርዳል» አለችኝ።

ማንም ሰው። እምቢ ልል ነበር፤ ይህን ስሰማ ተቀበልኳት። ማንም ሰው ካወረደ እኔም ዳስ እቀመጣለሁ።

መጀመሪያ ክዳን አነሳሁበት። ቀጥዬ ሽሮ የሚንተከተክበትን ድስት ያዝኩ። ምንም የለም! ድስቱን እንደ ሕፃን ይዤ በግቢው ዞርኩ። ምራቴ በመስኮት እያየችኝ ትስቃለች።

«ውሃ ብቻ እንዳይነካው፣ እማማ። ከረጠበ ሙቀቱን ያስገባል።»

በኤሌክትሪክ ምድጃ ያደገች ልጅ ስለ እሳት ልታስተምረኝ! እሺ አልኳት፤ ወዲያው ረሳሁት።

የሰርጉ ዕለት በባሌ እህት ማድ ቤት ስምንት ድስት ተጥዷል። ጓንቱን አወጣሁ።

«ሙሽራዬ፣ ቦክስ ልትገጥሚን ነው?» አለች። እኔ አያት ሆኜ እሷ ዛሬም ሙሽራዬ ነው የምትለኝ። ሴቶቹ ሳቁ።

«መጀመሪያ እኔን ይዩኝ፣ እትዬ። ከዚያ እርስዎም ያጠልቁታል። ዛሬ ማውረዱ በተራ ነው።»

እንጨቱ ነበልባል በዝቶበት ነበር። እኛ ነበልባል ሲበዛ የድስቱን ጨርቅ ውሃ እናስነካዋለን፣ እሳት እንዳይይዘው። እጄ በልማዱ ሄደና ጓንቱን ባልዲው ውስጥ ነከረው። ጨመቅኩት፣ አጠለቅኩት፣ የቀይ ወጡን ድስት ያዝኩ።

ከጉልቻው ሳላነሳው እንፋሎቱ ጓንቱ ውስጥ ገብቶ መዳፌን ቀቀለው። ጨርቅ ቢሆን እጥለው ነበር፤ ይሄ እጄ ላይ ተጣብቆ አልወልቅ አለ። ጮህኩ። ዳስ ድረስ ተሰማ። ምራቴ ሮጣ መጥታ ገፈፈችልኝ።

«ይኸው! አርባ ዓመት በባዶ እጇ ያልተቃጠለች ሴት በጓንት ትቃጠል?» አለች የባሌ እህት። «ወዲያ ጣይውና በእጅሽ አንሺው፣ ሙሽራዬ።»

«በባዶ እጄም ያቃጥለኛል» አልኩ። «ያኔም ተቃጥያለሁ፣ እትዬ። የገንፎው ዕለት። ሦስት ቀን ጸጉሬን ማሰር አቅቶኝ ነበር።»

አንዷ «ስትቀልድ!» ብላ ሳቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። የባሌ እህት ግን አልሳቀችም።

«ታዲያ ለምን አልጮህሽም?» አለችኝ። «እኛ እኮ የምንጠብቀው እንድትጮሂ ነበር።»

ይህን መጠየቋን ይቅር አልላትም።

ወጡ ማረር ጀመረ። ሁሉም እኔን አዩ። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ሽታው ግቢውን ሲሞላ የባሌ እህት ከአንዲት ጎረቤት ጋር ደረቅ ጨርቅ ይዘው ለሁለት አወረዱት። በቃ። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ማድረግ ይቻል ነበር።

አንቺ ወደ ዳስ ሂጂ ያለኝ የለም። ብሄድስ በተላጠ መዳፍ ምን አጨበጭባለሁ? እዚያው ዱካዬ ላይ ሆኜ የሌሎቹን ጭብጨባ ሰማሁ።

የባሌ እህት አሁን ወጡን በቅናት አሳረረችው እያለች ለሰው ሁሉ ታወራለች። ታውራ። ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ፤ ዋጃ ያለው ዘመዳቸው ልጁን ሊድር ነው።

«ሙሽራዬ፣ እጅሽ ዳነ?»

«ገና ነው፣ እትዬ።»

ድኗል። ስልኩን የያዝኩት በዚያው እጅ ነበር።

«ግድ የለም፣ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው» አለች። «እንጠብቅሻለን።»