«እኔ» ማለት የተወው ወርቅ ቆፋሪ

ሀምዲያ አዲሱ ክልል ሲቋቋም አሶሳ ላይ ከተቀጠሩት የመጀመሪያዎቹ አስተርጓሚዎች አንዷ ነበረች። የቤርታ ልጅ ናት፤ አማርኛ የለመደችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው። በሥራ ቀን የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ትተረጉማለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመምህር ቸሩ ጋር መንደር ለመንደር ትዞራለች።

ቸሩ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ የቋንቋ መምህር ነው። የሚፈልገው ሞተዋል ተብለው የነቁ ሰዎችን ነበር፤ ወባ የጣላቸውን፣ ምጥ የጠናባቸውን፣ ወንዝ የወሰዳቸውን። ነፍስ ከሥጋ ስትለይ «እኔ» የሚለው የትኛው እንደሆነ ከአነጋገራቸው አገኘዋለሁ ይላል። ቃላቸውን በቴፕ ይቀዳል፤ ሀምዲያ ትተረጉማለች፤ እሱ ግሶቹን ይቆጥራል። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አንድ ዓይነት ሆኑበት። «ታመምኩ፣ ወደቅኩ» ብለው ይጀምሩና መሀል ላይ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ «ተኝቷል፣ ይለቀስለታል» ይላሉ። ሲነቁ ግን ተመልሰው «ውሃ ጠጣሁ» ይላሉ።

ሃያኛው አልአሚን ነበር። ወርቅ ሲቆፍር ጉድጓዱ ተደርምሶበት ከግማሽ ቀን በኋላ ሞቷል ብለው ነው ያወጡት። እሱ ወደ «እኔ» አልተመለሰም። «አወጡት። ቤት ወሰዱት። አሁን ገንፎ ይበላል» አለ፣ ገንፎውን እየበላ።

ቸሩ ትርጉሙን አንብቦ ፊቱን አጨማደደ። «ሀምዲያ፣ እዚህ ጋ ተሳስተሻል፤ ‹እበላለሁ› ነው የሚሆነው። ‹እሱ› እና ‹እሷ› አንዳንዴ ይምታታብሽ የለ?»

«ይሄ አልተምታታብኝም መምህር። እንደዚህ ነው ያለው።»

በሳምንቱ ብቻዋን ሄዳ በቤርታ ጠየቀችው። «አልአሚን፣ ደህና ነህ?»

«ደህና አይደለም» አላት በእርጋታ። «እዚያ ታች ጨለማ ነው። እስካሁን ማንም አልደረሰለትም።»

ሚስቱን ደጅ ጠርታ «ዶማውን ደብቂ፤ ወደዚያ እንዳይሄድ» አለቻት። ሚስትየው ከጉድጓዱ ከወጣ ወዲህ አንድም ቀን በስሟ እንዳልጠራት ነገረቻትና ዶማውን ጎረቤት አስቀመጠች።

በስድስተኛው ቀን ሚስቱ ገበያ ስትሄድ አልአሚን ወጣ። ጎረቤቶች ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ በእጁ እየቆፈረ ነበር፤ ጣቶቹ ደም በደም ሆነዋል። «ውጣ!» ብለው ጮኹበት።

«ቆዩ፣ እዚህ ሰው አለ» አላቸው።

ዝናብ ያራሰው አፈር ከላይ ወረደ። ይህን ጊዜ ግን በሕይወት አላወጡትም።

ከለቅሶ ሲመለሱ ቸሩ «አንድ ሰው ነው፤ ከሠንጠረዡ አወጣዋለሁ» አላት። ሰኞ ሀምዲያ ካሴቶቹን ሁሉ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሌላ አስተርጓሚ ይፈልጉ» አለችው።

«ለምን?»

«ዶማውን ደብቂ ያልኳት እኔ ነኝ። ታች የቀረውን ቆፍራችሁ አውጡለት ማለት ነበረብኝ።»

ቸሩ ያን ክረምት ተዛውሮ ሄደ። ሀምዲያ እዚያው መሥሪያ ቤት ቀረች፤ ሞቶ ተነሳ የተባለ ሰው ቤት ግን ዳግም አልረገጠችም።