ሙዝ ሥር የበቀለ ገብስ

በድርቁ ዘመን ላሊበላ አጠገብ ወደ ነበረ አንድ የችግኝ ጣቢያ ለዘገባ ሄድኩ። ጣቢያው የላስቲክ ቤት ነበረው። ከበሩ አጠገብ የደጋ ችግኝ፣ መሐል ላይ የበረሃ ተክል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሙዝና ሸንኮራ አገዳ አለ፤ ሰፋሪዎች የሚወሰዱበት የቆላ አገር ተክል። ውጭ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ እዚህ ቅጠሉ ያልበዋል። ዝንብ እንኳ የለም። ከላስቲኩ የሚንጠባጠብ ውሃ ብቻ ይሰማል።

ሙዙ ሥር አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተቀምጠዋል። ጫማቸውን እንደ ቤተ ክርስቲያን በሩ ላይ አውልቀዋል።

"ምን እያደረጉ ነው፣ አባባ?"

"አገር እያየሁ። ለሰፈራ ተመዝገብ ብለውኛል። ሳላየው ልሂድ?"

የጣቢያው ባለሙያ ሳቀ። "የመንግሥትን መኪና ሳይጠብቁ ደረሱ እኮ።"

"አንተ አይደለህ አገሩን እዚህ ድረስ ያመጣኸው።"

ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። እፍኝ የማትሞላ ገብስ ነበረች፤ ቤቱ ሲራብ ሳትበላ የቆየች ዘር። አፈሩን በጣታቸው ጫር ጫር አድርገው ዘሯት።

"አገሩ እሷን ከተቀበላት ከነልጆቼ እመዘገባለሁ። ካልተቀበላት እዚሁ እቀራለሁ።"

ከአንድ ወር በኋላ፣ ምዝገባው በሚያበቃበት ቀን ተመለስኩ። ባለሙያው ውጭ በተተከለው የምዝገባ ድንኳን ውስጥ ነበር። ሽማግሌው የላስቲኩ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመዋል፤ ብቻቸውን መግባት አልፈለጉም። አብረን ገባን።

ገብሱ በቅሏል፤ ረጅምና ቀጭን፣ እንደ ጧፍ የገረጣ። ነፋስ በሌለበት ቤት አንድም ሳይቀር ወደ በሩ፣ ወደ እኛ ተጋድሟል።

"መውጫ እየፈለገ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

ጣሪያውን አየሁ። ላስቲኩ አቧራ ለብሶ ጨልሟል።

"ብርሃን አጥቶ ነው፣ አባባ። የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። ጥፋቱ የቤቱ እንጂ የቆላው አይደለም።"

"እዚያስ ብርሃን አለ? አይተኸዋል?"

ብዙ የሰፈራ ዜና ጽፌ ነበር።

"አላየሁትም" አልኳቸው።

አንድ የገብስ አገዳ ነቅለው ዘሩ በነበረበት የጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ጫማቸውን አጥልቀው ወደ ድንኳኑ ሳይሆን ወደ ተራራው፣ ወደ አሸተን ማርያም ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው መንገድ ሄዱ። ከድንኳኑ "የቀረ አለ?" የሚል ድምፅ ተሰማ።

በሩን ልዘጋ ስል ዞሬ ገብሱን አየሁት። በሩን ክፍት ትቼው ሄድኩ።