የእትዬ ዘነበች ቀበሮ

ከዚህ በፊት ደብዳቤ እንኳን ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ስህተት ካገኛችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። በጣም ዓይን አፋር ነኝ፤ ያን ቀን ግን አፍ አውጥቼ መናገር ግድ ስለሆነብኝ አልረሳውም።

የምሠራው ቁስቋም አካባቢ፣ ሙዚቃና ፊልም በፍላሽና በስልክ የምንጭንበት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ጠዋት እትዬ ዘነበች መጡ። ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሴት ናቸው። ሱቁ ባዶ መሆኑን አይተው ስልካቸውን ሰጡኝ።

"ሞልቷል ይለኛል፣ አጽጂልኝ ልጄ። ጌሙን ግን እንዳትነኪብኝ።"

"የምን ጌም?" አልኳቸው።

"ቀስ ብለሽ አውሪ እንጂ።"

ለካ ልጆቻቸው ትንንሽ ሳሉ በቴሌቪዥን የሚጫወቱት ጌም ነው፤ አንዲት ቀበሮ እየዘለለች ድልድይ ትሻገራለች። የድሮው ማጫወቻ ከተበላሸ ቆይቷል። የእህታቸው ልጅ ግን ኢሙሌተር የሚባለውን፣ የድሮ ጌሞችን በስልክ የሚያጫውት ነፃ ፕሮግራም ጫነችላቸው። ከክረምት ጀምሮ ተደብቀው ሲጫወቱ ከርመዋል።

"አንድ ድልድይ ብቻ ነው የቀረኝ" አሉኝና ሄዱ።

እኛ ሱቅ ስልክ ሲሞላ ከባዱን ፕሮግራም አጥፍተን ከኮምፒውተሩ እንደ አዲስ እንጭናለን። ሁሌም እንደነበረው ይመለሳል። ከባዱ ኢሙሌተሩ ነበር። ጌሙን ሳልነካ እሱን አጥፍቼ መልሼ ጫንኩት። ስከፍተው ቀበሮዋ መጀመሪያው ድልድይ ላይ ቆማለች። የደረሱበት ሁሉ ከፕሮግራሙ ጋር ጠፍቷል።

ደነገጥኩ። እትዬ ሳይመለሱ ቀበሮዋን የነበረችበት ላደርስላቸው ብዬ ምሳዬን ትቼ መጫወት ጀመርኩ። ሁለተኛውን ድልድይ ማለፍ አልቻልኩም። ስሞክር ውኃ ውስጥ፣ ስሞክር ውኃ ውስጥ።

ከሰዓት ሲመጡ ሱቁ ዘፈን በሚያስጭኑ ወጣቶች ተሞልቶ ነበር። ስልኩን ዝም ብዬ ልሰጣቸው አሰብኩ። ቤታቸው ሄደው ሲያዩት ታየኝና ከባንኮኒው ወጥቼ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

"እትዬ፣ ቀበሮዋን ወደ መጀመሪያው ድልድይ መለስኳት። የደረሱበትን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኔ ማልቀስ ቃጥቶኛል።

"ታዲያ የት አደረስሻት?"

"ሁለተኛው ላይ ትወድቅብኛለች።"

"ሁለተኛው ላይ?" ድምፃቸው ሱቁን ሞላው። "ሁለተኛው ላይማ ሕፃንም አይወድቅም።"

ሁሉም ዞረው አዩን። አንዱ ልጅ "እማማ፣ ጌም ይጫወታሉ እንዴ?" አላቸው።

"ምነው፣ አይፈቀድም? ዞር በል፣ ብርሃን ከለከልከኝ።"

እትዬ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። አራት ድልድይ ሳይወድቁ አለፉ። ወጣቶቹ ፍላሻቸውን ረስተው ከኋላቸው ቆመው "አሁን ይዝለሉ" እያሉ ያግዟቸዋል። እሳቸውም "ዝም በሉ፣ ታሳስቱኛላችሁ" ይሏቸዋል።

አሁን ማንኛውንም ፕሮግራም ከማጥፋቴ በፊት ባለቤቱን ደጋግሜ እጠይቃለሁ። ዓይን አፋርነቴ አልለቀቀኝም፤ ግን ያጠፋሁትን መናገር እንደዚያን ቀን አያስፈራኝም። ትዝ ሲለኝም ብቻዬን እስቃለሁ።

ያን ቀን ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ጠርተውኝ በጆሮዬ እንዲህ አሉኝ፦ "ጌም መጫወቴን ለፈለግሽው ንገሪ። ሁለተኛው ድልድይ ላይ መውደቅሽን ግን ለማንም እንዳታወሪ።"