የሸጋ ድርሻ

ልጅ እያለሁ ሱዳን ገዳሪፍ፣ አባቴ በሚጠብቀው የማሽላ መጋዘን ጓሮ ስንኖር፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ ሸጋ የምትባል ድመት ነበረችን። በደህናው ጊዜዋ መጋዘኑን ከአይጥ ያጸዳች እሷ ናት። እኔ ሳውቃት ግን ጥርሷ ረግፎ፣ አንድ ዓይኗ ደፍርሶ ነበር፤ ጸጉሯም አሮጌ ጆንያ ይሸት ነበር። “ጡረታ ወጥታለች፤ አይጦቹ ደኅና ዋልሽ እያሏት ነው የሚያልፉ” ይል ነበር አባቴ። ጠዋት ጠዋት ወተት በጣቴ አስልሳት ነበር።

በድርቁ ዓመት የእናቴ ታላቅ እህት ከመተማ በኩል በእግሯ መጣች። ክንዷ ከእኔ ክንድ አይወፍርም። ክፉኛ የተራበ ሰው አንጀቱ እስኪለምድ እንዳሻው አይበላምና፣ እናቴ ወተት ጠብ ያደረገችበት ቀጭን የማሽላ አጥሚት በኩባያ ትሰጣት ጀመር። ለሸጋ ግን ወተት ተከለከለ። “ሰው እያለቀ ድመት አላስታምምም” አለች እናቴ። ሸጋ ምድጃው ሥር ተኝታ ባዶ አፏን ስታላምጥ እያየሁ ጥግ ይዤ አለቀስሁ። አክስቴ አየችኝ።

ከዚያ ወዲህ አክስቴ ከኩባያዋ ሥር ጥቂት ማስቀረት ጀመረች። እናቴ “ጨርሽው እንጂ እታለም” ስትላት፣ “ጠገብሁ” ትላለች። የተራበ ሰው አጥሚት እንደማያስቀር እናቴ ታውቃለች። አንድ ቀን ድንገት ስትገባ፣ አክስቴ ጣቷን ኩባያው ውስጥ እየነከረች ሸጋን ስታስልስ ደረሰችባት።

“እግዜር በስንት መከራ ያተረፈሽ ለድመት ልታካፍይ ነው?” አለች እናቴ።

አክስቴ ቀና አላለችም። “በመንገድ ለማንም ሳላካፍል ነው የደረስሁ። አሁንስ ተይኝ፣ እህቴ።”

በማግስቱ አጥሚቱ እንደፈላ፣ እናቴ የሸጋን ድርሻ በጣሳ ክዳን ለብቻው ቀድታ አክስቴ አጠገብ አስቀመጠችው።

ሸጋ ብዙ አልቆየችም። በአክስቴ ነጠላ ላይ እንደተኛች አለፈች። አባቴ ከመጋዘኑ ጀርባ ጉድጓድ ቆፈረላት። ያን ምሽት አክስቴ ኩባያዋን እስከ ሥሩ ጠጣች፤ እናቴም ፊቷን አዙራ ዓይኗን ጠረገች።

ዛሬ የምኖረው ምግብ በሚተርፍበት ቤት ነው። የእህቴ ልጆች ከሳህናቸው የቀረውን ወደ ድመታቸው ገፋ አድርገው፣ ፊቷን እንኳ ሳያዩ ወደ ጨዋታቸው ይሮጣሉ። አልቆጣቸውም፤ ጥጋብ እንዲያ ነው፤ እንኳንም እንዲያ ሆነላቸው። እኔ ግን ድመቷ በልታ እስክትጨርስ ከአጠገቧ አልነሳም። አክስቴ በዚያ ቀጭን ወገቧ ጎንበስ ብላ፣ “አይዞሽ፣ ቀስ በይ” እያለች ስትጠብቃት ይታየኛል።